ኳ ኳ የሚለው የሞጣ ዋንጫ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ አንድ ጋቢ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ረጅም ንግግር ሸለመኝ። ጋቢው ጥሩ ነው፤ ሰዓቱም እስካሁን አልቆመም። ንግግሩን ግን እያላበኝ ነው ያዳመጥሁት። ስለ እኔ የተባለው ሁሉ ስለ ሌላ፣ ከእኔ በጣም ጨዋ ስለሆነ ሰው የተነገረ ይመስል ነበር። ደመወዜን ማንም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። የእግር ኳስ አሠልጣኝ ደመወዝ በደስታ ቀን የሚነሳ ወሬ አይደለም።

በመጨረሻ ዋንጫዎቹ ከቁም ሳጥን ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ትልቁን ብድግ አደረገና ወዘወዘው፤ ኳ ኳ አለ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። የሞጣ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ብሎን ወልቆበት ነው የሚል አለ፤ የሠራው ሰው ጠጠር ረስቶበት ነው የሚልም አለ። አንድ ባለሥልጣን እንዲያውም "ይህ ነገር ለምን አይጠገንም?" ብለው በስብሰባ ላይ ጠይቀው ነበር።

ምን እንደሆነ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። አሁን አለቃም ሥራም ስለሌለብኝ መናገር እችላለሁ። ያ ዋንጫ ከመምጣቱ በፊት፣ በሁዳዴ የሚጾም ሰው ኳስ ተጫውቶ ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም በሚል ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ተከራክሯል፤ እኔ ከሥራ ልባረር ትንሽ ነው የቀረኝ፤ የቡድኔ ምርጥ ተጫዋች ደግሞ ጨዋታ እርም ብሎ ሄዷል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከቢቸና ነው።

ቢቸና ተወልጄ ቢቸና አደግሁ። ደርግ ወድቆ አገሩ ገና ሲረጋጋ የከተማችን ቡድን ቀኝ ክንፍ ነበርሁ። ቀን ማዘጋጃ ቤት ንብረት ክፍል እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ሜዳ እወርዳለሁ። ፈጣን ነበርሁ። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት። ኳሷን ወደፊት ጠልዤ ከኋላዋ ስነሳ የሚደርስብኝ ተከላካይ በአካባቢው አልነበረም።

የሚያሠለጥኑን ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። የደሴ ሰው ናቸው፤ ቢቸና ጤና ጣቢያ በሳኒታሪያንነት ተመድበው ነው የመጡት። ቀን ቀን የከተማውን የውኃ ጉድጓድና የሥጋ ቤት ንጽሕና ይቆጣጠራሉ፤ ከሥራ ሲወጡ እኛን። ሳንቲም አይከፈላቸውም ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ነበሩ። በጨዋታ ሰዓት ሌላው አሠልጣኝ ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲጮህ እሳቸው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ይቆማሉ። አንድ ቀን ለምን እንደማይጮሁ ብጠይቃቸው "ልምምድ ላይ ያልሰማኸኝን አሁን በዚህ ጫጫታ ትሰማኛለህ?" አሉኝ።

ሁለት የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። አንዱ ጥፍር ነው። ከጨዋታ በፊት ያሰልፉንና የእግር ጥፍራችንን አንድ በአንድ ያያሉ። ያደገ ካገኙ ከኪሳቸው መቀስ አውጥተው፣ ተንበርክከው፣ ራሳቸው ይቆርጡታል። የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ እንደ ሕፃን እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ ማየት ያስቅ ነበር። እሳቸው ግን አይስቁም። "ጥፍሩ የሚወጋው ሰው ኳስ በመታ ቁጥር ይሳሳል፤ የሳሳ ደግሞ ጎል ይስታል" ይላሉ።

ሁለተኛው የኳሷ ነገር ነው። አዲስ ሜዳ ስንሄድ ሁላችን ለማሟሟቅ ስንሯሯጥ እሳቸው ኳሷን መሐል ሜዳ ላይ ቀስ አድርገው ያስቀምጡና ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብለው ያይዋታል። አይነኳትም። ዝም ብለው ይጠብቃሉ። የእኛ አገር ሜዳ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ አንዱ ጎል ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው፤ በአንዱ ማዕዘን ከብት ሲረግጠው ከርሞ ጎድጉዷል፤ ከዓባይ በኩል ነፋስ ይመጣል። ኳሷ ትንሽ ቆይታ ወደ አንድ ወገን መንከባለል ትጀምራለች። ጋሽ ሰይድ እሷን ተከትለው ይሄዱና ተመልሰው መጥተው ቦታ ያከፋፍሉናል።

ሞጣ ለግጥሚያ የሄድንበትን ቀን አልረሳውም። ሞጣና ቢቸና ያኔ በኳስ ዓይንና ናጫ ነበርን። ጋሽ ሰይድ ኳሷን አስቀመጡ፣ ጠበቁ፤ ኳሷ ወደ ግራው ማዕዘን ሄደች። ጠሩኝ።

"ስመኘው፣ ዛሬ ግራ ክንፍ ነህ።"

"ጋሽ ሰይድ፣ እኔ እኮ በግራ ተጫውቼ አላውቅም!"

"አብሽር፣ አንተን ማን ጠየቀህ። ኳሷ ወደዚያ መሄድ ትፈልጋለች። አንተ ቀድመህ ጠብቃት።"

ጠበቅኋት። ለሌላው የተላከችው ኳስ ሁሉ እያዘነበለች እኔ እግር ላይ ትደርሳለች። ሁለት ጎል አገባሁ፤ የሞጣ ደጋፊ የሸንኮራ ልጣጭ አዘነበብኝ። እስከ ቢቸና ድረስ በጭነት መኪና ላይ ቆመን እየዘፈንን ነው የተመለስነው። በዚያ ምሽት ከእኔ የሚበልጥ ሰው በምሥራቅ ጎጃም ያለ አልመሰለኝም።

ስለ ረመዷንም መናገር አለብኝ። ጋሽ ሰይድ ሲጾሙም ልምምድ አያቋርጡም፤ እንዲያውም ከእኛ ጋር ገብተው ይጫወታሉ። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ያልቀመሰ ሰው መሐል ሜዳ ላይ ይቆምና አንድ ጊዜ ነክቶ ይሰጣል፣ አንድ ጊዜ ነክቶ ይሰጣል። እኛ ስንከንፍ እሳቸው ይራመዳሉ። እናም ኳሷን ከእግራቸው የሚነጥቅ አይገኝም ነበር።

"ጾሙ አይከብድዎትም?" እንላቸዋለን።

"እኔ መቼ ሮጥሁ? ኳሷን ነው የማስሮጣት። እሷ አትጾምም።"

እንስቅ ነበር። የሽማግሌ ቀልድ ነው ብለን ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ከኪሳቸው ተምር አውጥተው፣ ውኃ ጠጥተው፣ እንደገና ይቀጥላሉ።

ጉልበቴ ሉማሜ ላይ ነው የሄደው። ማንም አልመታኝም፤ ስታጠፍ ጉድጓድ ረገጥሁ፣ ቀጭ ሲል ለራሴ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሞከርሁ፤ ጉልበቴ ግን አልሰማኝም። ቤቴ ተኝቼ በንዴት ግድግዳ ሳይ ጋሽ ሰይድ መጥተው ፋሻውን እየቀየሩ "እግርህ ነው ያለቀ እንጂ ዓይንህ አላለቀም። ከነገ ጀምሮ ከእኔ አጠገብ ትቆማለህ" አሉኝ። ከአጠገባቸው ቆሜ ኳስ ማየት ተማርሁ። ስጫወት የማየው ኳሷን ብቻ ነበር፤ አጠገባቸው ስቆም ግን ኳሷ የሌለችበትን ቦታ ማየት ጀመርሁ።

በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ተዛወሩ። አውቶቡስ ሲሳፈሩ ያቺን መቀስ ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። "እንግዲህ የቢቸና ጥፍር ያንተ ነው" አሉኝ።

ባሕር ዳር ሄጄ የአሠልጣኝነት ኮርስ ወሰድሁ። ቢቸና ላይ ለጥቂት ዓመታት ታዳጊዎችን አሠለጠንሁ። ከዚያ ሞጣ የስፖርት ባለሙያ ትፈልጋለች ተባለና ተወዳደርሁ፤ አለፍሁ። ኃላፊው አቶ ውበቱ ይባላል፤ ቁጡ፣ ችኩል፣ ግን ለቡድኑ ሲል እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። ቢሮው ስገባ ገና ሳልቀመጥ "ያኔ ያቃጠልኸን አንተ አይደለህ?" አለኝ። ነኝ አልሁት። "በል አሁን ደግሞ እነሱን አቃጥልልን" አለና ደብዳቤዬ ላይ ፈረመ። ቢቸና ያለው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ለተወሰነ ጊዜ ስልኬን አላነሳም።

ሞጣ ላይ አንተነህን አገኘሁ። አናጢ ነው። በርና መስኮት ሲሠራ ይውልና የእንጨት ፍቅፋቂ ከፀጉሩ ሳያራግፍ ልምምድ ይመጣል። አይሮጥም፤ አይዘልም፤ አይጮህም። ኳስ ከመድረሷ በፊት ወዴት እንደሚልካት ያውቃል። እንጨት ላይ መስመር እንደሚያሰምር ሰው አንድ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያያል፤ ይሰጣል፤ አለቀ። ገና በመጀመሪያው ቀን "ይህ ሰው ጋሽ ሰይድን ነው የሚመስለው" ብዬ በሆዴ አሰብሁ። በዚህ ሰው ዙሪያ ነው ቡድን የሠራሁት።

የዞኑ ውድድር ድሮ ከጥምቀት በኋላ ነበር። አንድ ዓመት ግን በጀት ዘገየ ተባለና ወደ መጋቢት ተገፋ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በሁዳዴ መሐል። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል፤ ጾሙ የሚፈታውም ዘጠኝ ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች እንደምንም አሸንፈን ግማሽ ፍጻሜ ደረስን፤ ተጋጣሚያችን የአማኑኤል ከተማ ቡድን፣ ቀኑ ዓርብ። ልጆቼ ደክመዋል። ኮርስ ላይ ተጫዋች ከጨዋታው ሦስት ሰዓት በፊት መብላት አለበት ብለው አስተምረውኛል። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ ይበላሉ ብዬ ወሰንሁ።

ምግብ የምታበስልልን እትየ ጥሩወርቅ ነበረች። ሞጣ ላይ ምግብ ቤት አላት፤ ቡድኑ የሄደበት ሁሉ ድስቷን ይዛ የምትከተል፣ ከዳኛ ጋር የምትጣላ ደጋፊ ናት። ነገርኋት።

"አበስኩ ገበርኩ! በሁዳዴ? በዓርብ? በስድስት ሰዓት? እኔ እሳት አልለኩስም። ምድጃው ይኸው፣ ከፈለግህ አንተው ለኩስ!"

ሆቴል ወሰድኋቸው። የጾም ፓስታ ቀረበ። አንዱ የአንዱን ፊት ያያል። ግማሾቹ ወደ ግድግዳ ዞረው በሉ፤ አንዱ አማትቦ ጀመረ፣ አማትቦ ጨረሰ። አንተነህ ሹካውን አልነካም።

"አሠልጣኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አፌን አልፈታም።"

"እንግዲያው አትሰለፍም" አልሁት። ሁሉም ፊት ነው የተናገርሁት፤ ስለዚህ መመለስ አልቻልሁም።

ከዚያ የሆነውን ማስታወስ አልወድም። ያ ሁሉ ሆድ ለአንድ ወር ያህል በቀትር እህል አላየም፤ ደንግጦ ድንጋይ ሆነ። ገና ጨዋታው ሳይጋመስ አንዱ ተከላካይ መስመር ዳር ተንበርክኮ አስታወከ፤ ሌላው ጎኑን ይዞ ቆመ። የአማኑኤል ልጆች እህል አልቀመሱም፤ እንደ ላባ ቀለው ይበራሉ። አራት ለባዶ ገቡብን። አንተነህ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር። መሐል ሜዳው ባዶ ነው፤ የሚሞላው ሰው ከአጠገቤ ተቀምጧል፤ እኔም እልኬ ይዞኝ አላስገባሁትም።

እትየ ጥሩወርቅ ድስቷን እየጠቀለለች "ከጾማቸውም ከጨዋታቸውም አወጣሃቸው" አለችኝ።

ሞጣ ስንመለስ ክርክሩ ጠበቀ። ግማሹ "አስበልቷቸው ነው የተሸነፉት" አለ፤ ግማሹ "ገና ድሮ መብላት ነበረባቸው፤ ጾምና ኳስ አብሮ አይሄድም" አለ። አቶ ውበቱ ጠርቶኝ "የሚቀጥለው ዓመት ውድድርም በሁዳዴ ነው። ወይ ይብሉ፣ ወይ ይቅሩ፤ አንዱን ቁረጥ። እንደዘንድሮ ከሆነ ግን አንተም ትቀራለህ" አለኝ። አንተነህ ልምምድ መምጣት አቆመ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በአክብሮት እጅ ይነሳኛል፤ ከዚያ ያልፋል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሴ ስልክ ደወልሁ። ጋሽ ሰይድ ያኔ ጡረታ ወጥተው ቤት ነበሩ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ተሸነፍሁ።"

"ምን አድርገህ?"

ሁሉንም ነገርኋቸው።

"ኳሷን መሐል ሜዳ አስቀምጠህ አየሃት?"

"አየኋት። የማርቆስ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ ንቅንቅ አላለችም።"

"ሜዳውስ ለጥ ይበል። ልጆቹ ወዴት እንዳዘነበሉ አየህ? እነሱን አላየሃቸውማ! ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ ሳታይ ጎትተህ ወሰድሃቸው።" ትንሽ አሳላቸውና ቀጠሉ። "እኔ በረመዷን ስጫወት ምን እላችሁ ነበር?"

"አልሮጥም፤ ኳሷን ነው የማስሮጣት።"

"ትስቁብኝ ነበር።"

"እንስቅ ነበር ጋሽ ሰይድ።"

"በል፣ ስቀህ ከጨረስህ ሥራ ጀምር።"

በማግሥቱ አንተነህ የሚሠራበት ሄድሁ። የበር ሳንቃ እየላገ ነበር። በርጩማ አቀረበልኝና መላጉን ቀጠለ።

"ጫማህን ይዘህ ና ልልህ ነው የመጣሁት።"

"ጫማዬን ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቸዋለሁ።"

"ልኩ ነው?"

"አይደለም። ጨርቅ እየጠቀጠቀ ነው የሚያደርገው።"

ሳቅ መጣብኝ፤ ዋጥሁት። "አንተነህ፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ። በሚመጣው ሁዳዴ ከዘጠኝ በፊት ብሉ የሚል የለም። ልምምዳችንም ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በባዶ ሆድ።"

"ዘንድሮ ሊያበሉን፣ ለከርሞ ሊያስጾሙን?"

"የሚጾም ይጹም፣ የማይጾም የራሱ ጉዳይ ነው። ጨዋታውን ግን ለጾመኛ ልክ አድርጌ ነው የምሰፋው። የመጀመሪያውን አጋማሽ ማንም አይሮጥም፤ ኳሷ ናት የምትሮጥ።"

መላጊያውን አስቀመጠ። "እና ኳሷን ማን ነው የሚያስሮጣት?"

"አንተ።"

ሳንቃው ላይ ያለውን ፍቅፋቂ እፍ አለበት። "ከወንድሜ ጫማ መንጠቅ ነውር ነው። ሌላ ይግዙልኝ" አለ። በዚያች ደቂቃ ውስጤ የተሰማኝን ደስታ ለመናገር አፍራለሁ፤ ሽማግሌ ሆኜ መንገዱን እያነከስሁ በሩጫ ነው የተመለስሁት።

ሁዳዴ ሲገባ ሥራ ጀመርን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ግማሽ ሜዳ ላይ አሰለፍኋቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ የሮጠ ይወጣል። ኳስ የያዘ ሰው ሁልጊዜ በቀኝና በግራው ቅርብ ሰው ሊኖረው ይገባል፤ ነክቶ ይሰጣል፣ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል። ከዳር የቆመው ሰው "ምነው፣ ቀብር ሸኝታችሁ ነው?" እያለ ያሾፍብን ነበር። ልጆቹ ያፍራሉ፤ አንተነህ ግን አይሰማም። ቀስ በቀስ ኳሷ መፍጠን ጀመረች። ሰዎቹ ይራመዳሉ፣ ኳሷ ትበራለች፤ ሊነጥቃቸው የሚገባው ተለማማጅ ምላሱን አውጥቶ ይቆማል።

እረፍት ላይ እትየ ጥሩወርቅ በሶ ታመጣለች። ይህን እሷና እኔ ብዙ ተጨቃጭቀንበታል። መጀመሪያ ወፍራም አድርጋ በጠበጠችው፤ ሆዳቸው ከበደ። "ጎጃሜን ቀጭን በሶ ማጠጣት ስድብ ነው" አለችኝ። በመጨረሻ እንደ ውኃ አቀጠነችው፤ ትንሽ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። ያችን ቀምሰው ትንሽ ያርፋሉ። ከዚያ ሁለተኛው አጋማሽ ይመጣል፤ አሁን ሕጉ ይገለበጣል፤ የማይሮጥ ይወጣል። ጉልበት ቆጥበው የቆዩ እግሮች፣ የመጀመሪያዋ ጉንጭ በሶ ደማቸው ውስጥ ስትገባ እንዴት እንደሚነሱ ማየት ነበረባችሁ።

በዚህ ዓይነት ማርቆስ ሄድን። ያሸነፍናቸውን ሁሉ በሁለተኛው አጋማሽ ነው ያሸነፍናቸው። ፍጻሜ ደረስን። ተጋጣሚያችን ማን ሆነ? ቢቸና። የወለደችኝ ቢቸና፤ ቀኑም ረቡዕ።

የቢቸና ደጋፊ ሜዳ ስገባ "ስመኘው ቤትህ ግባ! ስመኘው ቤትህ ግባ!" እያለ ተቀበለኝ። የገዛ ወንድሜ ከመሐል ቆሞ ከሁሉ አስበልጦ ይጮህ ነበር። እኔ የልጆቼን ጥፍር አየሁ፤ የሁለቱን ቆረጥሁ። ኳሷን መሐል ሜዳ አስቀምጬ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አልሁ። አልተንቀሳቀሰችም። ቀና ብዬ ልጆቼን አየኋቸው፤ ሁሉም የአንተነህን ፊት ነው የሚያዩት። በቃኝ፤ አሁን ወዴት እንደሚያዘነብሉ አወቅሁ።

ቢቸናዎች ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ እንደ እሳት ነደዱ። ቆንጆ ኳስ ነው የሚጫወቱት፤ እውነቱን ልናገርና ኮርቼባቸዋለሁ። እኛ እንራመዳለን። አንድ ጎል አገቡብን። የእኛ ደጋፊ ተንጫጫ። አቶ ውበቱ ከወንበሩ ዘሎ መጣ።

"ኧረ ይሩጡ በላቸው! አንተ ሰው፣ ልታዋርደን ነው?"

እጄን ወደኋላ አጣመርሁ። አንተነህ ከሩቅ አየኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ገና ነው ማለቴ ነው። ከተሸነፍን አንተነህን ለሁለተኛ ጊዜ ከተማው ፊት ማዋረዴ ነው፤ ጾመኛ ኳስ አይችልም ያለው ሁሉ ትክክል ሊሆን ነው።

እረፍት። በሶው ተቀዳ። ቢቸናዎች በወዲያኛው ጥግ ሣሩ ላይ ተዘርረዋል፤ ውኃ በላይ በላዩ ይጋታሉ። የእኔዎቹ ቆመው ቀመሱ። አንተነህ አፉን ጠርጎ "አሁንስ እንሩጥ?" አለኝ።

"አሁን ሩጡ።"

ሮጡ! ምን ልበላችሁ። ያ ሁሉ ሲጎተት የነበረ ቡድን ተነሣ። ቢቸናዎች ኳሷን ሲያባርሩ እግራቸው አልቋል፤ ውኃው ሆዳቸው ውስጥ ይንቦጫቦጫል። አንተነህ ለቀኙ ክንፍ አሻገረ፤ ክንፉ በረረ፤ አንድ ለአንድ። እትየ ጥሩወርቅ የበሶውን ጆግ ወደ ሰማይ ወረወረችው፤ የወረደው አቶ ውበቱ ላይ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንተነህ ራሱ ከሳጥኑ ውጭ ኳስ ደረሰችው። አንድ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። መታት አይባልም፤ ላካት። በመሬት ለመሬት፣ በግብ ጠባቂውና በብረቱ መሐል ገባች። ሁለት ለአንድ።

ከዚያ በኋላ ያለቀስሁትን አልክድም። አንተነህ መጥቶ ወደ ላይ አነሣኝ። ያ የመንገድ ሰላምታ፣ እጅ ነስቶ የሚያልፈው፣ በዚያች ሰዓት አለቀ።

መመለሻችን ደግሞ በቢቸና በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። አይሱዙው ላይ ዋንጫ ይዘን ስንደርስ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ሹፌሩ ፈራ፤ እኔም ፈራሁ። ወንድሜ ከሰዉ ፊት ወጥቶ መኪናውን አስቆመ።

"ዋንጫውን አውርዱ!" አለ።

"ምን ልታደርጉት?" አለ አቶ ውበቱ፣ ዋንጫውን አቅፎ።

"ያመጣው ሰው የእኛ ልጅ አይደለም ወይ? ከተማውን ሳይዞርማ አያልፍም!"

እኔንና ዋንጫውን አውርደው፣ ተሸክመው፣ ቢቸናን አዞሩን። ተሸናፊ ከተማ ለአሸናፊ ሲጨፍር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሞጣ የደረስነው ከታሰበው እጅግ ዘግይተን ነበር፤ የሞጣ ሰውም ዋንጫው ቢቸና ቀረ ብሎ ሊነሣ ሲል ነው የደረስነው።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ዋንጫዎችም መጥተዋል። ልጆቼ ትልልቅ ክለብ ገብተዋል፤ ቀጭኑን በሶም ሌሎች ቡድኖች ወስደውታል። የሁሉም መጀመሪያ ግን ያ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ፣ ረመዷን ገብቶ ሳለ፣ ዋንጫውን "ለጥገና" ብዬ አስፈርሜ አወጣሁና በጋቢ ጠቅልዬ ደሴ ሄድሁ።

ጋሽ ሰይድ ይበልጥ ቀጥነዋል። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋቢውን ስፈታው ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላበጡት። ከዚያ "ጥፍራቸውን አይተሃል?" አሉኝ።

"አይቻለሁ።"

"አብሽር።"

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ልጃቸው ምግብ ልታቀርብልኝ መጣች፤ ያለ እሳቸው አልቀምስም አልኋት። አብረን ተቀመጥን፤ ስለ ቢቸና፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ሞቱትና ስላሉት አወራን። ፀሐይ ወረደች። አዛኑ ሲሰማ ልጅቷ ውኃ ልትቀዳላቸው ብርጭቆ አነሣች፤ እሳቸው እጇን ያዙና ዋንጫውን አስጠጉ። "በዚህ" አሉ። ቀዳችው። ተምር ጎርሰው፣ በሁለት እጃቸው አንሥተው ጠጡ፤ ከዚያ ለእኔ አቀበሉኝ። የቀኑ የመጀመሪያ ውኃዬ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር በሕይወቴ አላስታውስም።

የተምሩን ፍሬ ከአፋቸው አውጥተው ጎን ላይ አስቀምጠውት ነበር። ስነሳ ሳያዩኝ ኪሴ ከተትሁት፤ አይተውኝ ኖሯል፣ ፈገግ አሉ።

በመመለሻዬ አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ የዋንጫው የእንጨት መቆሚያ ተሰነጠቀ። ለጥገና ብዬ የፈረምሁት እውነት ሆነ ማለት ነው። አንተነህ ዘንድ ወሰድሁት። ከዋንዛ አዲስ መቆሚያ ሠራለት። ልክ ሊገጥመው ሲል ፍሬውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁትና ከየት እንደመጣ ነገርሁት። መቆሚያውን መልሶ ገልብጦ ሆዱን በመሮ ጎደጎደ፤ ፍሬውን አስገባ።

"ጥብቅ አድርጌ ልዝጋው?" አለኝ።

"አይ፤ ቦታ ተውለት። ይሩጥ።"

በሽኝቴ ቀን ያ ተጫዋች ዋንጫውን ሲወዘውዘውና አዳራሹ ሲስቅ አንተነህ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቁን አፈነ፤ እኔ ግን አላፈንሁም።